ሶላሩን በእሳት ያሞቀው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ቤቱ ከወንዝ በላይ፣ አፋፍ ላይ ነው። ከደጁ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ወንዙ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ሲሰወር ያያል። ከሸለቆው ወዲያ ሜዳው ይጀምራል። አንዲት ልጁ እናንየ ሜዳው ላይ ተድራ ትኖራለች።

በዚያ አገር አንድ ደንብ አለ። ክረምት ሲገባ የአፋፍ ሰው ለሜዳ ሰው ዓይን ይሆናል። ላይ አገር ዘንቦ ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ የሚያየው የአፋፉ ሰው ነው። አይቶ ይደውላል። የሜዳው ሰው ልጁንም ከብቱንም ይዞ ወደ ጉብታ ይወጣል። ካልተደወለ ውሃ የለም ማለት ነው፤ ሁሉም በየሥራው ይውላል። ውሃው ከይርዳው ደጅ ተነስቶ ሜዳው እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። በእግር ገደሉን ዞሮ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን ነው። ውሃን የሚቀድም ስልክ ብቻ ነበር።

ይርዳው በመንደሩ ሶላር ሲገዛ የመጀመሪያው ሰው ነው። አንዲት ሰሌዳ፣ ሁለት አምፖል፣ አንድ የስልክ መሙያ ገመድ። የሸጠለት ሰው መጥቶ ሲተክልለት ብዙ ነገር ተናግሮ ነበር። ይርዳው ግን መቼ ይበራል እያለ ዓይኑን አምፖሉ ላይ ተክሎ ቀረ። ሰውየውም ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ሲጠይቀው ይርዳው የመለሰው የሰማውን አልነበረም፤ የመሰለውን ነበር።

«ሶላር የሚበላው የፀሐይ ትኩሳት ነው» አለ። «ቀኑ ከቀዘቀዘ ይራባል።»

«አቧራ ቢይዘው አይነካም። የነካው እንደሆነ ኃይሉ በእጁ ይወጣል» አለ።

«በክረምት ጣሪያ ላይ ከተዉት ደግሞ መብረቅ ይጠራል» አለ።

ሰውም አመነው። ለምን አያምነው? ቀድሞ የገዛ እሱ ነው። ሐምሌ በጠባ ቁጥር ይርዳው ሰሌዳውን አውርዶ፣ ባሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ጎተራ ውስጥ ይከታል። እሱን ተከትለው የገዙት ጎረቤቶቹም እንደሱ ይጠቀልላሉ። የመንደሩ ሶላር ሁሉ እስከ መስከረም እንደ ዘር እህል ጎተራ ይከርማል። ስልካቸውን ገበያ ወርደው ያስሞላሉ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ በገባ በሳምንቱ፣ ዝናቡ የገበያውን መንገድ ቆረጠው። ስልኮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። መጨረሻ የጠፋችው የይርዳው ነበረች። «መንገዱ በሁለት ቀን ይከፈታል፤ በሁለት ቀን ምን ይመጣል» ብሎ ራሱን አጽናና። ያም ሆኖ እየወጣ ወንዙን ያያል፤ ገብቶ ይቀመጣል፤ እንደገና ይወጣል።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወጥቶ አየ። ወንዙ ቀልቷል። ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሞ፣ ዳርና ዳሩን እየናደ ይወርዳል። ይርዳው እዚያው አፋፍ ላይ ተወልዶ እዚያው ሲያረጅ እንዲህ ሲሞላ አይቶት አያውቅም። ዝናቡ ቆሟል፤ ሰማዩ ግን አመድ እንደተነፋበት ነው።

ወደ ቤት ሮጠ። ስልኩን ተጫነ፤ አትበራም። በአጥሩ ላይ ጎረቤቱን ዘመነን ጠራው።

«ስልክህ ትሠራለች?»

«ከሞተች አራት ቀኗ።»

«የሌላው ሰውስ?»

«ማን ሌላ ሰው አለ? ሁላችንም ጠቅልሉ ያልከንን ጠቅልለናል» አለ ዘመነ። ከዚያ ወንዙን አየ። በትሩን አንስቶ ገደሉን ሊዞር በሩጫ ወረደ። እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ይርዳው ሰሌዳውን ከጎተራ አወጣ። ፀሐይ የለችም። ትኩሳት ከየት ይምጣ? ምድጃው ላይ ግን እሳት ነበር። ሰሌዳውን እሳቱ ዳር አቆመ፤ ገመዱን ስልኩ ላይ ሰካ፤ እንጨት ጨመረ። ስልኳ ዝም አለች። ይበልጥ አስጠጋ። አሁንም ዝም። በልቡ ከውሃው ጋር ይወርድ ጀመር። አሁን ዋርካው ጋ ደርሷል። አሁን ወፍጮ ቤቱን አልፏል። እንጨት ጨመረ።

በዚህ መካከል የበትር ድምፅ ተሰማና አያ ጓንጉል ገቡ። አያ ጓንጉል ዓይነ ስውር ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ከይርዳው አጥር ጋር ይዋሰናል።

«ምንድን ነው የምትጠብሰው?» አሉ። «በፍልሰታ ሥጋ አትጠብስ መቼም። ሽታውም የሥጋ አይደለም።»

«ሶላሩን እያሞቅሁት ነው፣ አያ። ውሃ መጥቷል። ለእናንየ መደወል አለብኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ።

«አውጣው» አሉ።

«የት ላውጣው? ፀሐይ የለችም እኮ።»

«ውጭ ስትሆን እጅህ ይታይሃል?»

«እንዴት አይታየኝም?»

«እኔ አይታየኝም። ፀሐይን የማውቃት ስታሞቀኝ ብቻ ነው። አንተ ሁለት ዓይን ይዘህ እንደኔ በሙቀቷ ብቻ ነው የምታውቃት?»

ይርዳው በበሩ በኩል ሰማዩን አየ።

«ያ ሰውዬ ሲተክለው አንተ ታይ ነበር፤ እኔ አጥር ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር። ‹የሚበላው ብርሃን ነው› አለ። ‹ደመና ሲሆን ቀስ ብሎ ይበላል እንጂ አይጾምም› አለ። አውጣው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ክረምት ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርሁህ እንጂ። ‹ዕውር ስለ ብርሃን ምን ያውቃል› ብለህ ሳቅህብኝ።»

ይርዳው ሰሌዳውን ታቅፎ ወጣ። አንዱ ጠርዙ በእሳቱ ቀልጦ ተጣሟል። አያ ጓንጉል ተከትለው ወጡና በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄማ ማሳ ነው» አሉ። «ጤፍ ብትዘራበት ይበቅላል።»

የነጠላቸውን ጫፍ ጉድጓድ ውስጥ በተጠራቀመው የዝናብ ውሃ አርሰው ሰሌዳውን መጥረግ ጀመሩ። ይርዳው ሊከለክላቸው እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ጠርገው ሲጨርሱ ከደጁ ዛፍ ጥላ አርቆ፣ የጭድ ክምሩ ላይ ወደ ሰማይ አጋደመው። ገመዱን ሰካ።

ምንም የለም።

ውሃው አሁን የድንጋዩ ድልድይ ጋ ነው። እጁ ሳያስበው ወደ ስልኳ ሄደ፤ ገመዱ ተላቀቀ፤ መልሶ ሰካው። እንደገና አነሳት።

«በነካካሃት ቁጥር ከአፏ ትነጥቃታለህ» አሉ አያ ጓንጉል። «ተዋት።»

«ልጄ ናት፣ አያ።»

«አውቃለሁ። ተዋት።»

እጆቹን ብብቱ ሥር ደብቆ ቆመ። ከሸለቆው የሚመጣው ድምፅ ከእግሩ ሥር መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል። ምን ያህል እንደቆየ አላወቀም። ስልኳ ብልጭ አለችና ጠፋች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ብልጭ አለች። በሦስተኛው በርታ ቀረች። ገመዱን ሳይነቅል ክምሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ደወለ። ጠራ። ጠራ። ጠራ።

«አባባ?»

«ዝም ብለሽ ስሚኝ። ውሃ መጥቷል፤ ብዙ ነው፤ ሸለቆውን አጋምሷል። አሁኑኑ ሰውን ሁሉ ይዘሽ ውጪ።»

«በሬዎቹ ግን…»

ስልኳ ጠፋች።

ይርዳው ክምሩን ተደግፎ ቁጭ አለ። በሬዎቹ ምን? ልፍታቸው ልትል ነው? ሰምታኛለች ወይስ አልሰማችኝም? አያ ጓንጉል አጠገቡ ተቀመጡ። አላጽናኑትም፤ የሚያውቁት ነገር አልነበረምና። ሰሌዳው ያንን አመድ የመሰለ ብርሃን ቀስ ብሎ ይበላ ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸች።

«ሰዉ ወጥቷል፣ አባባ» አለች እናንየ። «ሕፃናቱም ወጥተዋል። ጉብታው ላይ ነን።»

ይርዳው «በሬዎቹስ?» አለ።

«በረት ውስጥ ታስረው ነበር። ባሌ ሁለቱን ፈታ። ለሌሎቹ ውሃው ቀደመው። የጎረቤቶቻችን በሬ አንዱም አልተረፈም። የሚያርሱበት የላቸውም እንግዲህ። አባባ፣ ወንዙ ጠዋት ነው የሞላው ይላሉ። ለምን ቶሎ አልደወልክም? ካልደወልክ የለም ብለን ነው እኮ።»

«ጭጋግ ወንዙን ጋርዶብኝ ነበር» ሊላት ይችል ነበር። አላላትም።

«ሶላሩን ጠቅልዬው ነበር» አላት።

«ለምን?»

«የማውቅ መስሎኝ።»

በዚያው ቀን ሳይመሽ ይርዳው ሶላር ያለው ሰው ቤት ሁሉ ዞረ። በየደጁ ያንኑ ቃል ተናገረ፦ «እስከ ዛሬ የነገርኳችሁ ግምት ነው። የሚበላው ብርሃን ነው። አውጡት፤ ጥረጉት።» ዘመነም ከግማሽ መንገድ ተመልሶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገሩን ሰማና፣

«መብረቁስ? እሱም ውሸት ነው?» አለው።

ይርዳው ጥቂት አሰበ።

«አላውቅም» አለ። «የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ።»

ጎረቤቶቹ ይህን ቃል ከይርዳው አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሶላር የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ደመና ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ይህን ለማወቅ መማር እንኳ አላስፈለገም፤ ባለሙያው ሲናገር ማዳመጥ ይበቃ ነበር። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። አለማወቅ የራስን ቤት ያጨልማል። እንደ እውቀት የተነገረ ግምት ግን ሩቅ ሄዶ፣ ምንም ወዳልበደለ ሰው በረት ይገባል።

እርስዎስ? ሰው አምኖዎት ከተቀበለው ምክር ውስጥ ሰምተው ያረጋገጡት ስንቱ ነው፤ መስሎዎት የተናገሩትስ ስንቱ?