ጦጣውና ሆዱ የማይሞላው ቦረቦር

ግባ፣ ግባ፣ ቆመህ አትቅር! "የላም በረት" ማለቱ አምልጦሃል፤ በሆድህ በለው። ቦረቦሩ የእትዬ ላሚትን ጨፌ ሊጎርስ አፉን ከፍቶ፣ እኛ እንስሳቱ ዙሪያውን ከበን ስንጯጯህ ነው የደረስከው።

"እኛ" ያልኩህ አውቄ ነው። በዚህ ተረት ውስጥ ጦጣው እኔ ነኝ። ትምህርቱን ጥሎ፣ ከመናኸሪያ መናኸሪያ ሲዘል ከርሞ፣ መንደር ሲመለስ "እቅድ አውጪ ነኝ" የሚል ሌላ ማን አለ?

ቦረቦሩ ጎርፍ የቆፈረው ሆዳም ገደል ነው። በየክረምቱ የመንደሩን መሬት ሲጎርስ ሲጎርስ፣ የቀረው የእትዬ ላሚት ጨፌ ብቻ ሆነ። እሱም ከተበላ ጥጃቸውን ይዘው መሰደዳቸው ነው።

"ልጄ፣ አንተ አገር አይተሃል፤ ምን ይሻላል?" አሉኝ።

"ቀላል ነው!" አልኩ። እኔን የሚከብደኝ ማባዛት ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ይቀለኛል።

መጀመሪያ በእሾህ እንጠረው አልኩ። አጠርነው። ዝናብ መጣ። ቦረቦሩ አጥሩን ዋጥ አደረገና፣ "ተባረክ ጦጣው! ጥርሴን የምጎረጉርበት አጥቼ ነበር" አለኝ።

ቀጥሎ በአፈር እንሙላው አልኩ። ደቦ ተጠራ። አፈሩን ከየት ቆፈርን? ከዚያው ከላዩ ካለው ተዳፋት! ዝናብ መጣ። የሞላነውንም፣ የቆፈርንበትንም ጠራርጎ አጎረሰው። "አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለህ ነው የደገምክልኝ?" አለኝ ቦረቦሩ እያገሳ።

በሦስተኛው ችግኝ እንትከል አልኩ። እኔማ ከማንም ቀድሜ ልጨርስ ብዬ ከነፕላስቲኩ ወሸቅሁት።

"ወንድሜ፣ ፕላስቲኩን አውልቅልኝ፣ እግሬን መዘርጋት አልቻልኩም" አለኝ ችግኙ።

"ዝም በል! የሚታየው ቅጠልህ ነው" አልኩት።

ዝናብ መጣ። ችግኙ እየተንሳፈፈ ሄዶ ገደሉ ውስጥ ገባ። "ሰላጣም ትልክልኝ ጀመር?" አለ ቦረቦሩ። "ያውም በፌስታል ጠቅልለህ!"

አንተ ስትገባ እዚህ ጋ ነበርን። የጨፌው ዳር ይናዳል፤ ጥጃዋ እየጮኸች እናቷ ሥር ተወሽቃለች።

"እቅድ አውጪው፣ አራተኛዋን አምጣት እንጂ!" አለኝ ጋሼ አህያ። "ገና ያልጎረሰው አንተን ብቻ ነው!"

ሁሉም ሳቁ። እትዬ ላሚት ግን አልሳቁም። እሱ ነው አንጀቴን የበላው።

ሲጨንቀኝ ገደሉ አፍ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ "አያ ቦረቦር፣ በናትህ፣ ማን ነው እንዲህ የሚቀልብህ?" አልኩት።

ጥጋበኛ መቼ ምስጢር ይችላል! "እናንተ ናችኋ!" አለኝ። "ውሃ ልትጠጡ ስትወርዱ፣ ከኮረብታው እስከ ወንዙ ቀጥ ያለ መንገድ በኮቴያችሁ ጠረጋችሁልኝ። ዝናቡ እሱን ይዞ እየጋለበ ይመጣል። እናንተ አፌን ታጥራላችሁ፣ ጉሮሮዬ እዚያ ላይ ነው!"

ያንን መንገድ ያልረገጠ ከመሃላችን አልነበረም።

"ታዲያ ወንዝ ለመውረድ ኮረብታውን ልንዞር ነው? በዚህ ጉልበቴ?" አለ ጋሼ አህያ።

"ልጄ ከምትሰደድብኝ እኔ እዞራለሁ" አሉ እትዬ ላሚት። በዙሪያው ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ላይ ወጡና፣ በቀንዳቸው ድንጋይ እየገፉ የድሮውን መንገድ ከአናቱ መዝጋት ጀመሩ። ፍየሏ ተከተለች። ጋሼ አህያም እያጉረመረመ ተከተለ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ እርከን ከእርከን ሥር። ዝናብ መጣ። እየጋለበ የነበረው ጎርፍ እያነከሰ ወረደ።

"ምነው ዛሬ ቀጠነብኝ?" አለ ቦረቦሩ።

ጨፌው ለዚያች ቀን ተረፈ። ግን መዝጋቱ ገና ግማሽ አልደረሰም፤ ሰማዩም እንደገና ጠቁሯል። እኔስ? አንድ ሰፊ ድንጋይ መርጬ፣ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ወገኖቼ፣ ሥራው ሰፊ ነው፤ ሰብሳቢ ያስፈልገዋል። እኔ እዚሁ ሆኜ ላቅድላችሁ።"

እትዬ ላሚት ማመንዠካቸውን አቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ልጄ፣ ቦረቦር በምላስ ቢሞላ ኖሮ አንተ የመጣህ ቀን ሞልቶ ነበር። በል ተነስና የተቀመጥክበትን ድንጋይ አምጣው።"