በስቱኮ የተሞላ ስርጉድ

አንድ ልጅ የአባቱን ትዝታ በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ሊመልስ ተነሣ።

ልጁ ወንድይራድ ይባላል። አባቱ አቶ ሽብሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር እየዞሩ ከብት ያከሙ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ግን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ ቀኑ፤ በመጨረሻም የገዛ ልጃቸውን «የማን ልጅ ነህ?» ይሉት ጀመር። ይህን ጥያቄ ከአባቱ አፍ የሰማ ሰው የወንድይራድን ሕመም ያውቀዋል።

ወንድይራድ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር አባቱን የሚያገኛቸው ጓሮ ከቆመው ሞተር አጠገብ ነው። በሞተሩ ጎን ከመቀመጫው በታች ባለው የቆርቆሮ ሽፋን ላይ አንድ ስርጉድ አለች። አቶ ሽብሩ መዳፋቸውን እዚያች ስርጉድ ውስጥ አኑረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ዓይናቸውም እንባ ያቀርራል። ወንድይራድ ከሩቅ አይቶ «ሞተራቸው መጎዳቱ አንጀታቸውን እየበላው ነው» ብሎ ደመደመ። እንደተገዛበት ቀን አዲስ ሆኖ ቢያዩት የጠፋባቸው ሁሉ እንደሚመለስላቸውም አመነ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ በዚህ አናማውም።

የዚያ ዘመን ሞተር መለዋወጫ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ሞተሩን ጭኖ ፋይበር ግላስ ወደሚሠራው ወደ ጋሽ መርሻ ወሰደው። ጋሽ መርሻ አሮጌውን ሽፋን ሰም ቀብቶ በላዩ ላይ ፋይበር ይለብጣል፤ ሲደርቅ የሚላቀቀው ልባጭ ሞልድ ይሆናል፤ አዲሱ ሽፋን ከዚያ ሞልድ ይወጣል። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ግን ጣቱን ስርጉዷ ላይ አሳረፈ።

«ልጄ፣ ሞልድ ያየውን ሁሉ ይደግማል። ጭረትም ቢሆን አይምርም። ይህችን በስቱኮ ልሙላት ወይስ እንዳለች ትውጣ?»

«ይሙሏት እንጂ! እኔስ የመጣሁት ለእሷ አይደል?»

«አባትህን ጠይቀሃቸዋል?»

ወንድይራድ ትንሽ ተቆጣ። «አባቴ ምን ያስታውሳሉ ብለው ነው?»

ጋሽ መርሻ ስርጉዷን በስቱኮ ሞላት፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አለሰለሳት። ዝገት የበላው አሮጌ ቆርቆሮ ከሞልዱ ሲላቀቅ ተሰባበረ፤ ስብርባሪውንም ቆራሌ ወሰደው። ያዘነለት አልነበረም። አዲሶቹ ሽፋኖች ቀይ ቀለም ተቀብተው ሲገጠሙ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ።

ወንድይራድ ሞተሩን ይዞ ወደ ጓሮው ገባ። አቶ ሽብሩን ከእሳቸው ጋር የምትኖረው እህታቸው እትዬ ተዋበች እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው።

«ጥሩ ሞተር ነው» አሉ አቶ ሽብሩ። «የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ አባዬ!»

ጠጋ ብለው እጃቸውን በጎኑ ላይ አሳለፉ። ወደ ላይ ዳሰሱ፤ ወደ ታች ዳሰሱ። ዞረው በሌላው በኩልም ዳሰሱ። አንድ ነገር የወደቀባቸው ይመስል ጎንበስ ብለው ከሞተሩ ሥር አዩ።

«የለችም» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው ልጃቸውን በፍርሃት ተመለከቱት። «የእኔን ሞተር የት ወሰዳችሁት?»

እትዬ ተዋበች ወንድይራድን ወደ ጎን ሳበችው። «አንተ ልጅ፣ ያችን ስርጉድ ምን አደረግካት?»

«በስቱኮ ሞላናት።»

እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «እናትህ እኮ ናት የሠራቻት! አመለወርቅ ሞተር ላይ ወደ ጎን ነበር የምትቀመጠው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ስለምትፈራ ተረከዟን እዚያ ትተክል ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ! ወንድሜ ሁሉ ነገር ሲጠፋበት እጁን እዚያ ያደርግና ‹አመለወርቅ፣ ያዢኝ፣ ቁልቁለት ነው› ይላል። ከሰው ስም የቀረው የእሷ ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ወንድይራድ በማግስቱ ጋሽ መርሻ ዘንድ ተመልሶ ስርጉድ ያለው ሽፋን እንዲሠራለት ለመነ። ባለሙያው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማውና «ስርጉዱንስ እሠራልሃለሁ» አለው። «የእናትህን ተረከዝ ግን ከየት አመጣለሁ?»

ቢሆንም ሠራለት። አቶ ሽብሩ አንዴ ዳሰሱትና እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ወዲያ ወደ ጓሮ መውጣትም ተዉ።

ከዚያ በኋላ የኖሩት አምስት ወር ብቻ ነው። በእነዚያ ወራት አንድ ቀን እትዬ ተዋበች «አመለወርቅን ታስታውሳታለህ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ እንግዳ እንደሚያነጋግር ሰው በትሕትና ፈገግ ብለው «ማን ናት? ደህና ናት?» አሏት። በሩ ላይ የቆመው ወንድይራድ ይህን ሰምቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አበው «ቅንድብ አበጃለሁ ሲል ዓይን አጠፋ» የሚሉት ስለ ጠላት አይደለም። ጠላት ለቅንድባችን ምን ገዶት! ዓይን የሚያጠፋብን ብዙ ጊዜ የሚወደን ሰው ነው፤ ስለሚወደን ብቻ የሚያውቀን እየመሰለው። ከውጭ ሲታይ ጉድለት የሚመስለን ነገር ለባለቤቱ ምናልባት የቀረው ሀብት ይሆናል። ስለዚህ የሰውን ጎዶሎ ለመሙላት ከመቸኮላችን በፊት ቁጭ ብለን ታሪኩን እንስማ። የፍቅር ሥራ ከመጠገን ሳይሆን ከመስማት ይጀምራል።

እናትና አባት በሕይወት ያሏችሁ አንባቢዎች፣ በቤታቸው ካለው አሮጌ ዕቃ ሁሉ የስንቱን ታሪክ ታውቃላችሁ? የሚነግራችሁ አንደበት ሳይዘጋ ትጠይቁ ይሆን?