ቀበሮ ለምስጦች የጻፈችው

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ሁለት ክረምት ተከታትሎ በቀረበት በአንድ ቆላ፣ አራዊት ሁሉ የሚጠጡባት ኩሬ እያነሰች መጣች። ከኮረብታው ወዲያ ማዶ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ነበረ፤ ዳርና ዳሩን ገደል ስለከበበው ግን ክንፍ ካለው በቀር የሚደርስበት አልነበረም። ኮረብታውን ከሥር ሰርስሮ ውሃውን ወደ ኩሬዋ ማምጣት የሚችሉት ምስጦች ብቻ ነበሩ። ምስጦች ደግሞ ዓይን የላቸውም፤ የአራዊትንም ቋንቋ አይሰሙም።

መላውን ያገኘው ጃርት ነው። ጃርት ዝምተኛ ነው፤ ብቻውን ይውላል፣ ያየውን ግን አይረሳም። አንድ ቀን በምስጦቹ ኩይሳ ጥግ ሲያልፍ እሾሁ እርጥቡን ጭቃ ጫረው። ምስጦቹ ወጥተው ጭረቱን በእግራቸው ዳሰሱና ጭረቱ ወደሄደበት መቆፈር ጀመሩ። ጭረቱ በታጠፈበት ታጠፉ፤ ባለቀበት ቆሙ። ጃርት ይህን ለብዙ ቀን ደጋግሞ ሞከረና ወደ አንበሳ ሄደ።

«አያ አንበሶ፣ ከምስጦች ጋር የምንነጋገርበት ቋንቋ ተገኝቷል» አለ።

«ምን ምን ይላል ቋንቋው?»

«ሰረዝ ‹ቆፍሩ› ማለት ነው። ቅስት ‹ታጠፉ› ነው። ነጥብ ‹ቁሙ› ነው። ሌላ የለውም። ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ፤ ምስጥ የተጻፈለትን ያደርጋል እንጂ የታሰበለትን አያደርግም።»

አንበሳ ይህን ሲሰማ አራዊቱን ሁሉ በኩሬዋ ዳር ሰበሰበና እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል ጠየቃቸው። አስቀድማ የተነሣችው ቀበሮ ናት።

«ጽሑፉ አጭር ይሁን» አለች። «ሰረዙን በሰረዝ ላይ ካነባበርነው፣ ሌላው በመቶ ምልክት የሚለውን እኔ በአሥር እጨርሰዋለሁ። ለብልህ አይመክሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይባል የለ!» ይህን ስትል አንበሳን በዓይኗ ጠቀስ አደረገችው።

«እኔ ደግሞ» አለች አህያ ቀስ ብላ፣ «በየትእዛዙ መሃል የአንድ ኮቴ ስፋት ባዶ ይተው እላለሁ። ነገ የሚያነበው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል።»

«ኮቴ! ጭቃውስ ከየት ይመጣል? የአህያ ነገር፣ መንገዱም ረዥም ጽሑፉም ረዥም» አለች ቀበሮ።

ጅብ በመካከሉ ጣልቃ ገባ። «ቆይ እስኪ፣ ‹ሥጋ› የሚለው ምልክት የትኛው ነው?»

«የለም፣ አያ ጅቦ» አለው ጃርት።

«የለም? እንግዲያ ይኸ ምኑ ቋንቋ ነው!»

ቀጥሎ ደግሞ በምን ይጻፍ የሚል ክርክር ተነሣ። ቀበሮ በጥፍር አለች፤ አህያ በኮቴ ጫፍ አለች። ጅብ በአጥንት ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ፤ ለማሳያ ያመጣውን አጥንት ግን ነገሩ ሳይቆረጥ ቆረጣጥሞ በላው። በሦስተኛው ቀን ጃርት ብድግ አለ።

«ከእኔ እሾህ ሁላችሁም አንዳንድ ውሰዱ» አላቸው። «ሁሉም በአንድ ዓይነት እሾህ፣ በአንድ ዓይነት አጣጣል ቢጽፍ የአንዱን ጽሑፍ ሌላው ያነበዋል። ደግሞም አንዱ የጻፈውን ለምስጦች ከመስጠታችን በፊት ሌላው ይየው።»

«የእኔን ጽሑፍ የሚያርመው ማን ሊሆን ነው?» አለች ቀበሮ። ጃርትም ቁጭ አለ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ኩሬዋ ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ሸሸች። ጅግራዎቹ ጫጩቶቻቸውን ይዘው አገር ለቀው ሄዱ። አንበሳ ጭቅጭቁ ሰለቸውና «በቃ! እያንዳንዱ እንደ ልማዱ ይጻፍ። ቁም ነገሩ ውሃው መምጣቱ ነው» ብሎ ጉባኤውን በተነ። ሁሉም የየራሱ ሐሳብ ያሸነፈ መስሎት ደስ ብሎት ሄደ።

ሥራው ለሦስት ተከፈለ። ከወንዙ የሚነሣውን ክፍል አህያ፣ የኮረብታውን ሆድ ቀበሮ፣ ወደ ኩሬዋ የሚወጣውን ክፍል ጅብ ሊጽፉ ተስማሙ። ምስጦቹም ቀን ሙሉ እየተመላለሱ ጭቃውን እየዳሰሱ ወደ ሥራቸው ይወርዱ ጀመር።

አህያ የጻፈችው ከኩይሳው ጥግ እስከ ግራሩ ድረስ ተንዘላዘለ። ጅብ ሲጽፍ አፉን ከፍቶ ስለነበር ምራቁ ጠብ ጠብ እያለ ነጥብ ሠራ፤ ምስጦቹም አንድ እርምጃ ቆፍረው ይቆማሉ፣ አንድ እርምጃ ቆፍረው ይቆማሉ። ጃርት ከኋላው እየሄደ ነጥቡን በሣር ሲጠርግ ዋለ። የቀበሮ ጽሑፍ ግን እንደ ጥልፍ ያምር ነበር። አንዱ ቅስት በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ ሰረዙ በሰረዝ ላይ ተጋድሞ፣ ጠቅላላው ከአንድ ቅጠል አይበልጥም። ያየው ሁሉ «ድንቅ ነው!» ይላል። ምን እንደሚል የገባው አልነበረም፤ አልገባኝም ማለት ግን ሁሉም አፈረ።

ሃያ ቀን አለፈ። አንድ ረፋድ ላይ ጃርት ጆሮውን መሬት ላይ ደፍቶ ሲያዳምጥ፣ የምስጦቹ ድምፅ ከኮረብታው ሆድ ውስጥ አልነቃነቅ ብሎ አንድ ቦታ ቆሟል። ወደ ቀበሮ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ ምስጦቹ አለት ገጥሟቸዋል። በግራ በኩል እንዲዞሩት ማድረግ አለብን። አለቱ ጋ የሚደርሰው ትእዛዝ ከጽሑፍሽ የትኛው እንደሆነ አሳዪኝ።»

ቀበሮ ከጭቃው ፊት ቆመች። ጭቃው ደርቋል። ያቺ ትንሿ ቅስት ምን ነበረች? በላይዋ የተጋደመችው ሰረዝስ የማን ናት? ስትጽፈው እንደ ገዛ ጅራቷ ታውቀው ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ቀበሮ፣ የማታውቃት፣ ጽፋው የሄደች መሰላት።

በአጠገቡ ታልፍ የነበረችው አህያ ቆም ብላ አየቻት። «ጠፍቶብሽ እንደሆነ እንደ አዲስ እንጻፈው፤ እኔም አግዝሻለሁ» አለቻት።

«የገዛ እጄን ጽሑፍ ልታስተምሪኝ?» አለች ቀበሮ፤ በጥፍሯም ከላይ በኩል አንዲት ቅስት ጨመረች። «ይኸው፣ አለቀ።»

በማግሥቱ ቀትር ላይ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ምስጦቹ ወደ ግራ አልዞሩም፤ ወደ ኋላ ታጥፈው፣ ሽቅብ ወጥተው፣ በኮረብታው ጎን ያለውን የቀበሮን ጉድጓድ ከሥሩ ቦርቡረውታል። ቀበሮ ስትደርስ የጉድጓዱ አፍ የለም። ሦስት ቡችሎቿ ከውስጥ ናቸው። እሪታዋን አቀለጠችው።

ጅብ እየተንገዳገደ መጣ። «ምንድን ነው ከሥር ያለው? ይበላል?»

«ልጆቼ ናቸው!»

ጅብ ትክ ብሎ አያት፤ ምራቁን ዋጥ አደረገና በሁለት እጁ መቆፈር ጀመረ። ግን እርሱ አንድ ክንድ ሲቆፍር መሬቱ ሁለት ክንድ ይሰምጣል፤ ምስጦቹ ከሥር ሥራቸውን አላቆሙም።

«ነጥብ አድርጉ! አስቁሟቸው!» ብሎ ጃርት ወደ ኩይሳው ሮጠ። አህያም ተከተለችውና ወደ ኋላ ዞራ ጮኸች። «እመት ቀበሮ፣ ነጥቡን የት ላድርገው? ተናገሪ እንጂ፣ የት?»

«አላውቅም!» ብላ ጮኸች ቀበሮ። «ማንበብ አቅቶኛል! ትናንትም አቅቶኝ ነበር! አጥፉት፣ ሁሉንም አጥፉት!»

አህያ ሁለተኛ አልጠየቀችም። በጀርባዋ ወድቃ በጽሑፉ ላይ ተንከባለለችበት፤ ያ የሚያምር ጥልፍ አቧራ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ መሬቱ ጸጥ አለ። ጅብ ቡችሎቹን አንድ በአንድ በማጅራታቸው ይዞ አወጣቸው። ሦስተኛዋ መጀመሪያ አልተነፈሰችም፤ እናቷ አፍንጫዋን እየላሰች ስትነቀንቃት አፈር አስነጠሰች።

በማግሥቱ ቀበሮ ሳትጠራ ወደ አንበሳ ሄደች። ሌሎቹም እዚያው ነበሩ።

«አንድ ጊዜ የገባኝ ነገር ሁልጊዜ የሚገባኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ ጃርት ዞረች። «እሾህህን ስጠኝ።»

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ አንበሳ። «ሁሉም እንደ ልማዱ ይጻፍ ማለት ሰላም መስሎኝ ነበር። ለካስ ክርክሩን ሸሽቼው ኖሯል። ከዛሬ ጀምሮ አጻጻፉ አንድ ይሁን፤ ያልተነበበም ለምስጥ አይሰጥ። ለመሆኑ አንባቢው ማን ይሁን? አህያ ትሁን?»

«አይ፣ አያ ጅቦ ይሁን» አለች ቀበሮ።

ጅብ ደነገጠ። «እኔ? ምን አጠፋሁ?»

«እመት አህያ አስተዋይ ናት» አለች ቀበሮ፤ «ያልተጻፈውንም ገምታ ትሞላዋለች። አያ ጅቦ ግን የሌለውን አይጨምርም። ለእርሱ የገባው ለምስጥም ይገባዋል፤ ለእኔም ከርሞ ይገባኛል።»

ስድብ ይሁን ምስጋና ጅብ ቢጨንቀውም፣ ሹመት መሆኑን ሲሰማ ደረቱን ነፋ።

የክፍተቱ ነገር እንደገና አከራከራቸው። አህያ አንድ ኮቴ አለች፤ ቀበሮ የጥፍር ስፋት አለች፤ በመጨረሻ በግማሽ ኮቴ ተስማሙ። ልኩን ማንም አልወደደውም፤ ጽሑፉን ግን ሁሉም ያነበው ጀመር። ቀበሮ የኮረብታውን ክፍል እንደ አዲስ ጻፈች። ጅብም፣ ምራቁ ነጥብ እንዳይሠራ ከአገጩ ሥር ሣር ታስሮለት፣ ጣቱን እያስከተለ አነበበ። «ቆፍሩ… ቆፍሩ… ታጠፉ… ቆፍሩ… እዚህ ጋ ጠፋኝ።»

የቀበሮ ጆሮ ቆመ። አንድ የሚያቆስል ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠችው፤ ጽሑፉን ጠረገችና እንደገና ጻፈችው። ጅብ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበና «…ታጠፉ፣ ቁሙ!» ብሎ ሲጨርስ በደስታ ብድግ አለ።

ኩሬዋ የቁርበት ያህል ስትቀር፣ በአንድ ቀትር የኮረብታው ግርጌ ወረዛ፤ ቀጥሎም ቀጭን ውሃ ፈለቀ። ውሃ ቀዳዳ ካገኘ መንገዱን ራሱ ያሰፋልና፣ እስከ ሳምንቱ ድረስ አንድ ጅረት ሆነ። ጅግራዎቹ አልተመለሱም። ሌሎቹ ግን ጠጡ፤ ቀበሮም ሦስቱን ልጆቿን በተርታ አቁማ ካጠጣች በኋላ ከሁሉም መጨረሻ ጎንበስ ብላ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ብዙዎች አብረው ለሚሠሩበት ሥራ የሚጻፍ ነገር የጸሐፊውን ብልጠት ከሚያሳይ ይልቅ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሳይቸገር የሚያነበው ቢሆን እንደሚሻል ነው።