ፊቱ ብቻ የተመረገው ቤት

ተረት ተረት።
የላም በረት።
በረቱስ ዙሪያውን ተመርጓል?
ኧረ አልተመረገም።
እንግዲያው ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ ነፋሱ ከጋራ በሚወርድበት ደጋ አገር፣ ቢሻው የሚባል ሰው ነበር። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ነው። ጭቃው ሳሳና ነፋሱ በጀርባው ግድግዳ ይገባ ጀመር። የእናቱ መደብ ደግሞ እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። አሮጊቷን ሳል ያዛቸው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ሥር እኔም ተኝቻለሁ፤ ይለፍ።

ሚስቱ እንጉዳይ፦ ቤቱን ከውጭ ጭቃ ደርብለት፤ እናትህ ይህን ቁር አይችሉም፤ አለችው።

ቢሻውም ጭቃ አቦካና ጭድ ጨመረበት። ደቦ ጠራና ጠላ ተጠጣ። ከዚያም በሩ ያለበትን ፊት ብቻ መርገው ተበተኑ።

እንጉዳይ፦ ጀርባውሳ?

ቢሻው፦ ጀርባውን ማን ያየዋል?

እንጉዳይ፦ ነፋሱ ያየዋል።

ቢሻው፦ ነፋስ እንግዳ ነው እንዴ?

እንጉዳይ፦ እንግዳ ነው እንጂ። ሳይጠሩት ገብቶ ከእናትህ ጋር የሚያድር።

በዓመቱ ደግሞ መረገ። አሁንም ፊቱን። በሦስተኛው ዓመትም ፊቱን። ፊቱ ጋቢ ደርቦ እንደ ሙሽራ ቆመ። የጀርባው ማገር ግን እንደ ከሲታ በሬ ጎድን ይቆጠራል።

አሮጊቷ እያሳሉ፦ ልጄ፣ ደጅ አውጣኝና ከተመረገው ሥር አስተኛኝ። እዚያ ሳይሻል አይቀርም፤ አሉት።

ቢሻው ሳቀና፦ እማዬ ደግሞ ቀልድ ታውቂያለሽ፤ ብሎ ገበያ ሄደ።

እንጉዳይ አልሳቀችም። መጥረቢያ አነሣችና ከመደቡ ራቅ አድርጋ የጀርባውን ግድግዳ ቀደደችው። የበሩን ሳንቃ ከፊት ነቅላ እዚያ ገጠመችው። ከዚያም የድሮውን በር በእንጨትና በጭቃ ደፈነችው።

ቢሻው ሲመለስ በሩን አጣው። ያማረውን ግድግዳ ዳበሰ፣ ዳበሰና፦ አንቺ ሴትዮ፣ በሩ የት ሄደ? አለ።

እንጉዳይ ከወዲያ ሆና፦ ዙር። ከእንግዲህ የቤትህ ፊት በዚህ ነው፤ አለችው።

ዞረ። ሁለት ጎረቤቶች እናቱን ሊጠይቁ መጥተው ማገሩን እያዩ ቆመዋል። ቢሻው አንገቱን ደፋ። በማግስቱ ጭቃ ረገጠ። ሲቦካም ደቦ ሳይጠራ ያንን ግድግዳ ብቻውን መረገው።

አሮጊቷ ሙቀቱ ተሰማቸው፤ ሳሉም ቀለል አላቸው። እንጉዳይን ጠሩና፦ ልጄ፣ መጥረቢያውን አታርቂው፤ ጎንና ጎኑ ይቀራል፤ አሏት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ዳቦው ግን ጀርባውም ይብሰል።