ጡረታ የወጣው ቨርዥን

ስማኝማ ናሁሰናይ፣ ንዴቴ ገና አልበረደልኝም! ያ ለክሊኒክ የምንሠራው፣ ኮዱን ለሁሉም በነፃ የለቀቅነው ሶፍትዌር አለ አይደል? የእናትየዋን የመድኃኒት መጠን ለሕፃኑ እየጻፈ አስቸገረን። አዲሱ ቨርዥን ላይ አስተካከልነው። የገጠር ክሊኒኮች ግን ኮምፒውተራቸው አዲሱን አይችልም፣ አሁንም የሚሠሩት በአሮጌው ነው። የአሮጌው ኮድ ለብቻው ተቀምጧል፤ ያቺኑ ያስተካከልናትን ሁለት መስመር እዚያ መገልበጥ ነው፣ አለቀ!

አለቃችን ኢንጂነር ተድባበ ስብሰባ ላይ ደረቱን ነፍቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"አሮጌው ጡረታ ወጥቷል! እኔ ባለሁበት ቢሮ ጡረታ ለወጣ ነገር ጉልበት አይባክንም። ከፈለጉ አዲስ ኮምፒውተር ይግዙ!"

"በሕፃን ነፍስ?" ብዬ ልጮህበት ብድግ ስል፣ አጠገቤ ያለችው ፕሮግራመር ሸሚዜን ጎትታ አስቀመጠችኝ። ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በትሕትና፦

"ልክ ነዎት ኢንጂነር" አለችው። "ጡረታ ወጥቶ በማራዘሚያ የሚሠራ፣ ለዚህ ቢሮ እርስዎ ብቻ ይበቁናል።"

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አድርጎ፦

"እንግዲያው... ለእሱም ይራዘምለት" አለልህ!