ሳይወርድ የቀረው ብሬከር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት መብራት በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ብርዳም ሸለቆ ከፏፏቴ ኤሌክትሪክ ተሳበ። ሽቦውን በምሰሶ ላይ የዘረጋችው፣ መውጣትና መውረድ የማይከብዳት ጦጣ ነበረች። ሥራዋን እንደጨረሰች አራዊቱን ሰብስባ ብሬከሮቹን አሳየቻቸው።

«ሽቦ ከሽቦ ሲገናኝ ወይም ጭነት ሲበዛ ብሬከር ራሱ ወርዶ መብራቱን ይቆርጣል» አለች። «መጀመሪያ የሚወርደው ጥፋቱ ያለበት ቤት ብሬከር ነው። እሱ እምቢ ካለ የሰፈሩ ብሬከር ጥቂት ታግሶ ይወርዳል። እሱም እምቢ ካለ ብቻ፣ ከፏፏቴው ሥር ያለው የአያ አንበሶ ትልቁ ብሬከር ይወርዳል። ያን ጊዜ ግን የሸለቆው መብራት በሙሉ ይጠፋል። አደራ፣ ተራውን አታፋልሱ!»

«አናፋልስም!» አሉ ሁሉም። ጅብ ከሁሉ አስበልጦ ጮኸ፤ ስለምን እንደሚወራ ግን አልገባውም ነበር።

ሸለቆው ሁለት ሰፈር ነበረው። የላይኛውን ሰፈር ብሬከር እንድትጠብቅ ቀበሮ ተሾመች፤ ጅብ ጎረቤቷ ነው። አህያ የምትኖረው በታችኛው ሰፈር ነበር።

ጅብ ሳይውል ሳያድር አጥንት መፍጫ አስተከለ፤ በዚያ ላይ ሁለት ምድጃ ሰካ። የቤቱ ብሬከርም እየደጋገመ ይወርድበት ጀመር።

«እመት ቀበሮ፣ ይህ ነገር ከአፌ ሊነጥቀኝ ነው! ምን ይሻለኛል?»

«በሽቦ ጠፍረህ እሰረዋ፣ አያ ጅቦ! የታሰረ ነገር የት ይወርዳል? መቅኒው ግን የእኔ ነው።»

ጅብ አሰረው። ከዚያ ወዲህ እሱ ጭነት ባበዛ ቁጥር የሚወርደው የሰፈሩ ብሬከር ሆነ፤ የቀበሮም ቤት አብሮ ይጨልም ጀመር። ቀበሮ ጨለማውን አልወደደችም፤ መቅኒውንም መተው አልፈለገችም። በብሬከሩ ጎን፣ ምን ያህል ታግሶ እንደሚወርድ የሚወስን ትንሽ ብሎን ነበር። እስከ መጨረሻው አዞረችው። አሁን የሷ ብሬከር ከአንበሳው የበለጠ የሚታገስ ሆነ። ብልጥ መሆኗ ነው እንግዲህ!

ሐምሌ ገባ። አህያ ያለ ጊዜው የተወለደ ውርንጭላ ነበራት። ቆዳው ስስ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፤ በአንዲት ማሞቂያ አምፖል ሥር ነበር የሚኖረው። ጦጣ «ይህች አምፖል ካልጠፋች ያድግልሻል» ብላታለች።

አንድ ዝናባማ ጠዋት የጅብ ሽቦ ጭነት በዝቶበት ጋለና ሽፋኑ ቀለጠ፤ ሽቦ ከሽቦ ተገናኘ። የጅብ ብሬከር ታስሯል፤ አልወረደም። የቀበሮም ገና ይታገሳል። የአንበሳው ወረደ። ከላይ እስከ ታች መብራት ጠፋ።

አንበሳ ብሬከሩን መልሶ ቢያነሳው ወዲያው ወረደበት። «ጥፋቱ የት ነው?» ብሎ አገሳ። ጦጣ በዝናብ እየሮጠች ወደ ቀበሮ መጣች።

«እመት ቀበሮ፣ የሰፈራችሁ ብሬከር ወርዷል?»

«ምን ሲደረግ! ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

«የታችኛው ሰፈርም አልወረደም። እንግዲያው ጥፋቱ ከሰፈሮቹ በላይ፣ በዋናው መስመር ላይ ነው ማለት ነው» አለችና ጦጣ ወደ ምሰሶዎቹ ሮጠች።

ወዲያው አህያ ልጇን በገለባ ሸፍና እያለከለከች ደረሰች። «እመት ቀበሮ፣ የምታውቂው ነገር ካለ ስለ ልጄ ስትይ ንገሪኝ! እየቀዘቀዘብኝ ነው!»

ቀበሮ ብሎኑን በቆረጣ አየችው። «እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ? መብረቅ ይሆናል» አለች።

እኔ ጅቡን አልረግመውም፤ ጅብ ጅብ ነው፣ ሆዱ ከጭንቅላቱ ይቀድማል። ቀበሮዋ ግን ታውቅ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ጦጣ ዋናውን መስመር ምሰሶ በምሰሶ ስትፈትሽ ዋለች። አህያ እርጥቡ እንጨት አልነድ ቢላት ልጇ ላይ ተጠምጥማ በትንፋሿ ታሞቀው ነበር። አመሻሹ ላይ አንበሳ ብሬከሩን እንደገና ሲያነሳ፣ ከጅብ ጣሪያ ጭስ ቡልቅ ሲል ጦጣ ከምሰሶ አናት ላይ ሆና አየች። ወርዳ ሄደች፤ የታሰረውንም ብሬከር፣ የዞረውንም ብሎን አገኘች።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!» እያለች የጅብን ሽቦ ቆረጠችው።

መብራት መጣ። «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ሸለቆውን ሞላው። በአህያ ቤትም አምፖሉ በራ። ውርንጭላው ግን ዓይኑን አልገለጠም።

ለቅሶ ለመድረስ ቀበሮን የቀደማት አልነበረም። «እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ። እኔ እኮ እንዲህ ይሆናል ብዬ...»

አህያ ቀና ብላ አየቻት። «የእኔ ሽቦ ምን አጠፋ?» አለቻት።

አህያ አምፖሉን ራሷ አጠፋችና ከልጇ ጎን ተኛች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥፋትን ከደጁ ላይ ማስቆም የሚገባው ሁሉ ተራውን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ዕዳውን የሚከፍለው በጥፋቱ እጁ የሌለበት ምስኪን መሆኑን ነው።