የራሱን ውሃ የሰረቀ ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ብልህ ነው፣ ታታሪ ነው፤ ችግሩ ይህን ራሱም ማወቁ ነበር።

መምህር ይርዳው ወጋቸውን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። የሚያወጉት ለረድኤት ነው፤ ድሮ ኬሚስትሪ ላስተማሯት ልጅ፣ ዛሬ እሷም በተራዋ መምህርት ለመሆን ደጅ ለምትጠና ልጅ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቷት ነበር። ጠያቂዎቹ አብረዋት ሳቁ፤ ቤተ ሙከራውን አዙረው አሳዩአት፤ «መቼ መጀመር ትችያለሽ?» እስከማለት ደረሱ። እናቷ ለጎረቤት ተናገሩ፣ ጎረቤት ለእድርተኛው ተናገረ። ከዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሌላ ሰው ስም ወጣ። ረድኤት ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አላየችም። ትናንት ደግሞ ያው ትምህርት ቤት «ለሰባተኛ ክፍል መምህር ስለምንፈልግ መጥተሽ አመልክቺ» የሚል መልእክት ሰደደላት። እሷም እዚህ መምህሯ ቤት መጥታ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «ጋሼ፣ ያፈርኩበት ደጅ በምን ፊቴ ልመለስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ሂጂም ቅሪም አላሏትም። ስለ ገበሬው ማውራታቸውን ቀጠሉ።

ገበሬው የሚኖርበት አገር ሠላሳ አባወራ በአንድ ቦይ የሚያጠጣበት ነው። በጋ ሲሆን ወንዙን በድንጋይና በጭቃ ጠልፈው ወደየማሳቸው ያወርዱታል። ውሃው ትንሽ፣ ማሳው ብዙ ስለሆነ ተራ የሚያከፋፍል አንድ ሰው ይመርጣሉ፤ «የውሃ አባት» ይሉታል። የውሃ አባት ደመወዝ የለውም። ነገር ግን ረጅም ዘንግ ይይዛል፣ ሠርግ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣል፣ ሲናገር ሰው ያዳምጠዋል። ገበሬው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው ይህን ነበር።

አንድ ዓመት የድሮው የውሃ አባት አርጅቶ ሥራውን ተወ። ሽማግሌዎች ሦስት ሰዎች ጠርተው በየተራ ሊጠይቁ ተቀመጡ። ገበሬያችን አንዱ ነበር። «ውሃው ያነሰ እንደሆነ ከማን ትጀምራለህ?» አሉት። «ከቦዩ ግርጌ ካለው እጀምራለሁ» አለ። «ከላይ ያለው ውሃው በደጁ ሲያልፍ ስለሚያይ ይታገሣል። ከታች ያለው የሚያየው ደረቅ ቦይ ብቻ ነው።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «አይ አንተ! ከውሃ ጋር ነው እንዴ የተወለድከው?» ብለው ሳቁ። ምሳ ቀርቦ ስለነበር ትልቁ ሽማግሌ በገዛ እጃቸው አጎረሱት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለውም ደገሙት። ሲወጣ ሁሉም ቆመው «ያሰብከውን ያሳካልህ» ብለው መረቁት።

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር ሽማግሌ ሰውን ፊት ለፊት «አትሆንም» አይልም። የመጣውን ሁሉ ያበላል፣ የሚሄደውን ሁሉ ይመርቃል። ከእሱ በፊት የገባውም ጎርሷል፣ ከእሱ በኋላ የገባውም ተመርቋል። ገበሬው ይህን ልማድ አጥቶት አይደለም፤ እሱም ራሱ ስንቱን እንግዳ አጉርሶ ባዶ እጁን ሸኝቷል። ግን ሰው በራሱ ሲመጣበት ጉርሻው ሁሉ ሹመት ይመስለዋል።

ቤቱ እንደገባ ሚስቱን «ከእንግዲህ የውሃ አባት ሚስት ነሽ» አላት። «ወሰኑ እንዴ?» ብትለው «አጎረሱኝ እኮ! ያውም ሁለቴ!» አለ። በማግስቱ ቀጥ ያለ ዘንግ ፈልጎ ቆረጠ፣ ልጦም ቅቤ ቀባው። ለጎረቤቱ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ያንተን ተራ ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ አመጣልሃለሁ» ብሎ ቃል ገባለት። ጎረቤቱ ጉልበቱን ሊስም ምንም አልቀረውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ትልቁ ሽማግሌ ተነሥተው «የውሃ አባት እንዲሆነን የመረጥነው...» ብለው ሲጀምሩ ገበሬው ስሙ እስኪጠራ አልጠበቀም። ጋቢውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን ተደግፎ ብድግ አለ። የተጠራው የሌላ ሰው ስም ነበር።

ያ ሁሉ ሕዝብ ተቀምጦ እሱ ብቻውን ቆሟል። የተጠራው ሰው፣ ሲጠየቅ እንኳ ከሦስት ቃል በላይ ያልተናገረ ዝምተኛ፣ ከወዲያ በኩል ቀስ ብሎ ሲነሣ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ገበሬው ወይ መቀመጥ ወይ መሄድ ነበረበት። መቀመጥ አቃተው። ሽንቱ እንደመጣበት ሰው ወደ ቁጥቋጦው አመራ። ከኋላው አንድ ሰው ሳቀ። ዞሮ አላየም፤ ስላላየም ሁሉም የሳቁ መሰለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዘንጉን ገደል ወርውሮ ማንም በማይሄድበት መንገድ ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ገበያ መሄድ ተወ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ከተበተነ በኋላ ሆነ። ጎረቤቱን በሩቅ ካየ እሾህ እንደወጋው ሆኖ ያጎነብሳል፤ «ማክሰኞው የት ደረሰ?» እንዳይለው ነው። ተኝቶም ተነሥቶም የሚያመላልሰው ያችኑ ቀን ነበር። አንዳንዴ ሽማግሌዎቹን ይረግማል፤ «ላይሾሙኝ ለምን አጎረሱኝ?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚረግመው ያን ብድግ ያለ እግሩን ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጊዜ ያሽረው ነበር። ነገር ግን የቦዩ ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ማሳ በየሳምንቱ ተራው ይደርሳል። ተራው የደረሰ ሰው ጠዋት ቦዩ ራስ ላይ ሄዶ፣ የውሃ አባቱ ፊት ቆሞ፣ በገዛ አፉ «ተራዬን» ማለት አለበት። የውሃ አባቱም «ይባረክልህ» ብሎ ይከፍትለታል። ባለቤቱ ካልመጣ ውሃው ለሚቀጥለው ያልፋል። ሥርዓቱ የወጣው ውሃ ሜዳ ላይ ፈሶ እንዳይቀር ነው። ገበሬው ግን እሱን ለማዋረድ ተብሎ የተፈጠረ መሰለው። ያን ሹመት ከወሰደበት ሰው ፊት ቆሞ ሊለምን!

የመጀመሪያው ተራ ደረሰ፤ አልሄደም። «ዛሬ ተራህ አይደለም ወይ?» አለችው ሚስቱ። «መሬቱ ገና እርጥብ ነው» አላት። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ጣት ያስገባ ነበር። ሁለተኛው ደረሰ፤ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ተኛ። ሽንኩርቱ ከጫፉ መቃጠል ጀመረ። ያ ሽንኩርት የቤቱ የዓመት ልብስ፣ የልጆቹ ደብተር፣ የክረምቱ ቀለብ ነው፤ ሌላ ተስፋ የላቸውም።

ሚስቱ ከማሳው የጠወለገ ሽንኩርት ነቅላ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። «እኔ የውሃ አባት አላገባሁም» አለችው። «ያገባሁት ገበሬ ነው። እሱስ የት ሄደ?»

እሷን ማየት አፍሮ ሽንኩርቱን ያይ ጀመር።

ሁለት ጊዜ ተራውን ያሳለፈ ሰው ስሙ ከቦዩ ተራ ይወጣል ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ ሦስተኛው ተራ ሲቃረብ ሊጠይቅ አላሰበም፤ ሊሰርቅ አሰበ። ቀኑ ደግሞ የደብሩ ታቦት የሚወጣበት በዓል ላይ ዋለ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሚስቱን «ቅደሚ፣ እከተልሻለሁ» አላት። መንደሩ ጭር ሲልለት ዶማውን በጋቢው ሸፍኖ፣ በወንዙ ዳር ጎንበስ ጎንበስ እያለ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ገዛ ማሳው እያደባ ሄደ። ከላይ ከበሮው ይሰማል። የማሳውን መግቢያ የደፈነውን ጭቃ ናደው። ውሃው ገባ። መሬቱ ሲጠጣ ጭልጥ ጭልጥ የሚለው ድምፅ ይሰማ ነበር።

ቀና ሲል የውሃ አባቱ ከቦዩ ማዶ ቆሟል።

የውሃ ሌባ በዚያ አገር ሕዝብ ፊት ይቆማል፤ ዶማው ይነጠቃል፤ ልጆቹ ሳይቀሩ «የሌባ ልጅ» ተብለው ያድጋሉ። ገበሬው ይህን ያውቃል። ዶማውን ጣለና «በል እንግዲህ አዋርደኝ» አለ። «ያኔ የጀመራችሁትን ጨርሰው።»

የውሃ አባቱ ናዳውን አየ፣ ሰውየውን አየ። «ዛሬ የማን ተራ ነው?» አለ።

«የእኔ ነበር፤ ስሜ ሳይወጣ በፊት።»

«ማን አወጣው?»

ገበሬው የጣለውን ዶማ በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ሁለት ጊዜ እስኪረፍድ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁህ» አለ የውሃ አባቱ። «ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ታሟል አልኳቸው። ዛሬም በዓሉን ትቼ ቦዩ ራስ ላይ ነበርኩ። ቁልቁል ሳይ ከታች ያለው ውሃ ቢያንስብኝ ምን ነካው ብዬ ወረድኩ።»

ገበሬው ከቅጣቱ ይልቅ ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበርና እሱን ጠየቀ። «ሰው ስለ እኔ ምን ይላል?»

«ስለ አንተ?» አለ ዝምተኛው ሰው። «አልዋሽህም፣ ሁለት ቀን ስቀዋል። በሦስተኛው የቄሱ በሬ ገደል ገባና ስለ በሬው ማውራት ጀመሩ።»

ከዚያም ጫማውን እያየ ጨመረ። «እኔ ያን ቀን ቆመህ ሳይህ ደንግጬ ልቀመጥ ነበር።»

የገበሬው ፊት ጋለ። ሜዳው ላይ ካፈረው ይልቅ አሁን አፈረ። ሲያፍር የከረመው የሚያየው በሌለበት ነው። ስሙን ያወጣበት የለም፤ ውሃውን የከለከለው የለም። ከሃያ ቀን በላይ ማሳውን ያስጠማው፣ ዛሬም ጋቢ ለብሶ የገዛ ተራውን የሰረቀው እሱው ራሱ ነው። ሚስቱ ያስቀመጠችው ሽንኩርት ትዝ ሲለው እንባው መጣ።

«ምን ላድርግ?» አለ።

«ድፈነውና ጠይቀኝ» አለው የውሃ አባቱ።

ለገበሬው መስረቁ ቀሎት ነበር፤ መጠየቁ ግን ተራራ ሆነበት። ቢሆንም ተንበረከከ። ጭቃውን በእጁ እየዛቀ የገዛ ማሳውን ውሃ ዘጋ። ውሃው ከሽንኩርቱ ተመልሶ በቦዩ ሲወርድ አየው። ከዚያ እስከ ክርኑ ጭቃ እንደሆነ ተነሣና የውሃ አባቱ በያዘው፣ የእኔ ነው ሲለው በነበረው ዘንግ ፊት ቆመ።

«ተራዬን» አለ።

«አልሰማሁህም» አለ የውሃ አባቱ። በክፋት አይደለም፤ ከበሮው ስለሚጮህ ነው።

«ተራዬን!»

«ይባረክልህ» አለና ከፈተለት።

መምህር ይርዳው ወጋቸውን እዚህ ላይ አቆሙ። «ሽንኩርቱስ ተረፈ?» አለች ረድኤት።

«ግማሹ።»

«ግማሹስ?»

«ግማሹን እፍረት በላው» አሉ። «እንግዲህ ስሚኝ ልጄ፤ ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። ሰዎቹ አብረውሽ የሳቁት ለማታለል አልነበረም፤ መልስሽን ወደውታል። ግን ጉርሻ ጉርሻ ነው፣ ሹመት አይደለም። ወንበሩን ለሌላ ሰጡት። አያሳፍርም አልልሽም፤ ያሳፍራል፣ አንጀት ያሳርራል፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እደበቅ ነበር። ይሁንና እነሱ የነሡሽ አንድ ወንበር ብቻ ነው። ሦስቱን ሳምንት፣ ጓደኞችሽን፣ የምትበይውን እህል ሳይቀር ራስሽን የነሣሽው አንቺው ነሽ። እናትሽ ላይ ደግሞ አትፍረጂ፤ ደስ ብሏቸው ነው የተናገሩት። አሁን ተራሽ መጥቷል። ሄደሽ፣ እዚያው ያፈርሽበት ደጅ ላይ ቆመሽ፣ በገዛ አፍሽ ጠይቂ።»

«አሁንም እምቢ ቢሉኝስ ጋሼ?»

«አንድ ጊዜ እምቢ ያሉሽ እነሱ ናቸው» አሉ መምህር ይርዳው። «ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እምቢ ስትይ የከረምሽው አንቺ ነሽ። ሁለተኛውንም ካሉት እነሱ ይበሉት፤ አንቺ ቀድመሽ አትበይላቸው።»